የንያኬራ ሙታን ሰላም ይሉዎታል

ለተከበሩ ፕሮፌሰር ጎርደን ንያባዴ
የእናቶችና የሕፃናት ጤና ተመራማሪ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሞ መታወቅ ያለበትን ላስቀድም፦ በጥናትዎ ውስጥ ሞተዋል ያሏቸው አርባ አንድ ልጆች፣ ከሁለቱ በቀር፣ በሕይወት አሉ። ይህን ደብዳቤ የሚያነብ ሰው የቀረውን ሁሉ ቢረሳው እንኳ ይህችን አንዲት ዐረፍተ ነገር ይያዝልኝ።

ይህን ካልኩ ዘንድ ወደ ወጉ ልመለስ። ለመሆኑ ጤናዎ እንዴት ነው? ባለቤትዎና ቤተሰብዎስ እንደምን ሰንብተዋል? ከአምስት ዓመት በፊት ወደ ደሴታችን ብቅ ባሉባት በዚያች አንዲት ከሰዓት በኋላ፣ የመንሳፈፊያ ሰደርያዎን ምሳ ሲበሉ እንኳ ሳያወልቁ ስለዋሉ፣ ትከሻዎን እንዳያምዎት ሰግተን ነበር። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ሙታኖቻችንም ደኅና ናቸው፤ ሰላም በልልን ብለዋል።

እኔ ባርናባስ ኦጎላ እባላለሁ። በቪክቶሪያ ሐይቅ ውስጥ ባለችው በንያኬራ ደሴት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሠላሳ ስድስት ዓመት ሒሳብ አስተምሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። የዚያን ዕለት የቆሮሶ ዓሣ በኡጋሊ፣ ማለትም በበቆሎ ገንፏችን፣ የበሉት በእኔ ደጅ፣ በማንጎው ዛፍ ሥር ነበር። «የማይነገሩ ሞቶች» የተሰኘውን ሥራዎን በዋናው ምድር ቤተ መጻሕፍት የምትሠራ የቀድሞ ተማሪዬ አትማ ልካልኝ፣ ከርዕሱ አንስቶ እስከ መጨረሻው የምስጋና ገጽ ድረስ አራት ጊዜ አንብቤዋለሁ። ቀደም ብዬም በአደራ ፖስታ ሦስት ደብዳቤዎች ልኬልዎ፣ ለሦስቱም «ፕሮፌሰሩ ለመስክ ሥራ ወጥተዋል» የሚል አንድ ዓይነት መልስ ደርሶኛል። በመስክ ላይ እንዲህ ረጅም ጊዜ የሚቆይ ሰው በእኛ መስክ ግማሽ ቀን ብቻ መቆየቱ ለእኛ ያለውን ክብር ያሳያልና እናመሰግናለን። ደብዳቤዬን በአደባባይ ማውጣቴም መስኩ የት እንደሆነ ስላላወቅሁ ብቻ ነው፤ አይቀየሙኝ።

ቅሬታዎቼን በተራ ቁጥር አስቀምጣለሁ። ቁጥር እንደሚወዱ አውቃለሁ።

አንደኛ። ረዳቶችዎ ቢጫ ሰደርያ ለብሰው ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ እናቶችን «ስንት ልጅ አለሽ?» ብለው ጠየቁ። እርስዎ ተወልደው ያደጉት ከእኛ ማዶ ባለች ደሴት፣ የምድጃው ጢስ ከዚህ በሚታይ መንደር ስለሆነ፣ ይህን ለእርስዎ ማስረዳት ነውር ይመስለኛል፤ ሆኖም ሥራዎን የሚያነቡት ሰዎች ሩቅ አገር ስላሉ ለእነርሱ ስል ልበለው። በእኛ ዘንድ እናት በሕይወት ያሉ ልጆቿን ቁጥር ጮክ ብላ አትናገርም። ጎረቤቴ እማማ ዚልፓ ነገሩን ከእኔ በተሻለ ታስረዳዋለች፦ «ልጅ ዓሣ ነው እንዴ በዘንቢል የሚቆጠር? ቁጥሩን ከተናገርሽ ሞት ደጅ ቆሞ ይሰማና፣ እስቲ አንዱን ላጉድል ይላል።» ስለዚህ አንዲት እናት እንግዳ ሰው አፋጥጦ ሲይዛት አንዱን በጉያዋ ታስቀራለች። አራት ካላት ሦስት፣ ስድስት ካላት አምስት ትላለች። ይህ ውሸት አይደለም፤ እኛ ዘንድ ይህ አጥር ነው።

ከእማማ ዚልፓ ምራት ቤት የተደረገውን እኔው ራሴ አጥሩ ሥር ቆሜ ሰምቻለሁ። ረዳትዎ «አምስት» የሚለውን ጻፈችና ቀና ብትል፣ ስድስት ልጆች በቁመታቸው ልክ ተደርድረው ይስቁባታል።

«ይኼ ስድስተኛውስ የማን ነው?» አለች።

«የጎረቤት ነው» አለች እናቲቱ።

«አፍንጫው ያንቺ አይደል እንዴ?»

«ጎረቤቴ ተውሶኝ ነዋ!»

ግቢው በሳቅ ፈረሰ፤ ረዳትዎም አብራ ሳቀች። ስቃ ስታበቃ ግን አምስቱን አምስት አድርጋ ትታው ሄደች። በዓይኗ ያየችው የሚጻፍበት ቦታ በቅጽዎ ላይ አልነበረምና አልፈርድባትም።

ሁለተኛ። ከእናቶች የሰሙትን ቁጥር ከጤና ጣቢያችን የማዋለጃ መዝገብ ጋር አስተያዩት። ሁሉንም ልጆቿን በጤና ጣቢያው የወለደች እናት በመዝገቡ ስድስት ሆኖ ሳለ በአፏ አምስት ካለች፣ አንዱ ሞቷል፣ እናቲቱም ሐዘኗን ደብቃለች ብለው መዘገቡ። እንዲህ እያሉ አርባ አንድ ልጆች ቀበሩ። በቤታቸው የወለዱትም እናቶች እንደዚሁ አንድ አንድ አጉድለው ነበር፤ ነገር ግን ቤት ውስጥ መዝገብ የሚይዝ የለምና የእነርሱን ጉድለት የሚያሳይ ነገር አልተገኘም። ከዚህ ተነሥተው ቤት የተወለደ ሁሉ ይኖራል፣ ጤና ጣቢያ የተወለደ ግን ያልቃል የሚል ውጤት ላይ ደረሱ። በሰባተኛውም ገጽ «በማዋለጃ ክፍሉ ሕፃናቱን የሚገድል ብክለት ሳይኖር አይቀርም» ሲሉ ጻፉ።

ይህን በክፍሌ ቋንቋ ልግለጸው። በአንድ ትምህርት ቤት ሁለት መምህራን አሉ እንበል። አንዷ በየማለዳው ስም ትጠራለች፤ ሌላው ስም ጠርቶ አያውቅም። በዓመቱ መጨረሻ የአንዷ መዝገብ ብዙ ቀሪዎችን ያሳያል፤ የሌላው ባዶ ነው። አንድ ተማሪዬ ይህን አይቶ «መምህር፣ መዝገብ መያዝ ተማሪ ያስቀራል» ቢለኝ፣ ልጁ ገና የስድስተኛ ክፍል ነው ብዬ በትዕግሥት አስረዳው ነበር። እርስዎ የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ስላልሆኑ እንዴት እንደማስረዳዎት ግራ ገብቶኛል።

ሦስተኛ። ሥራዎ በሌሎች ሊቃውንት ጽሑፎች ውስጥ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ጊዜ መጠቀሱን ሰምቻለሁ፤ እንኳን ደስ ያለዎት። ተማሪዬ ከእነዚህ ዘጠኙን አትማልኝ ነበርና በተጻፉበት ጊዜ ተራ አስቀምጬ አነበብኳቸው። እርስዎ «ሳይኖር አይቀርም» ያሉትን ሁለተኛው ጸሐፊ «ተረጋግጧል» አለው። አራተኛው «እንደሚታወቀው» ብሎ ጀመረ። ስድስተኛው ደሴታችንን አንሥቶ ታንጋኒካ ሐይቅ ውስጥ አስቀመጣት፤ ይህም ደሴታችን ከሊቃውንቱ ያገኘችው ረጅሙ ጉዞ ነው። ዘጠነኛው ደግሞ መንግሥታት በትንንሽ ደሴቶች ላይ ያሉ ማዋለጃ ክፍሎችን መደገፋቸውን ቆም ብለው እንዲያስቡበት መከረ። ከዘጠኙ አንዱም የንያኬራን አሸዋ አልረገጠም፤ ከዘጠኙ አንዱም ደብዳቤ አልጻፈልንም።

ሠላሳ ስድስት ዓመት ፈተና ያረመ ሰው አንድ ነገር ያውቃል። ሠላሳ ተማሪዎች አንድ ዓይነት የተሳሳተ መልስ ሲጽፉ ሠላሳ ሰዎች አስበው ተሳሳቱ ማለት አይደለም። እኔ በእንዲህ ያለ ጊዜ ሠላሳውን አልቆጣም ነበር፤ መሐል ላይ ተቀምጦ ያስገለበጣቸው ማን እንደሆነ እመለከት ነበር። ክቡር ፕሮፌሰር፣ መሐል ላይ የተቀመጡት እርስዎ ነዎት።

አራተኛ። ሲስተር ሞኒካ አፖንዲ በጤና ጣቢያችን አሥራ ዘጠኝ ዓመት አዋላጅ ነበረች። መዝገቧን በማስመሪያ እያሰመረች፣ የእናቲቱን ስም፣ የሕፃኑን ክብደት፣ የወጣበትን ሰዓት ሳይቀር በሚያምር የእጅ ጽሑፍ ታሰፍር ነበር። የእርስዎ ጥናት ሊሠራ የቻለው ይህ መዝገብ ስለነበረ ነው። የተዝረከረከች ሴት ብትሆን ኖሮ ከምን ጋር ያስተያዩ ነበር? ዛሬም ምስጉን አዋላጅ በሆነች። ባለፈው ዓመት ማዋለጃ ክፍሉ «ለጊዜው» ሲታሸግ፣ እርሷ ወደ ዋናው ምድር ተዛውራ በአንድ መጋዘን ውስጥ አጎበር እንድትቆጥር ተደረገች። የተሸኘች ዕለት ወደቡ በሴቶችና በልጆች ተሞልቶ ሳለ እማማ ዚልፓ ከመሐል ሆና ጮኸች፦ «ሲስተር፣ የገደልሻቸው ሁሉ ሊሸኙሽ መጥተዋል!» ሲስተር አፖንዲም ጀልባው ላይ እንደቆመች «ሙታን ናቸው ተብለው እንኳ ፊታቸውን አይታጠቡም?» ብላ መለሰች። ሁሉም ሳቀ። እርሷ ግን ወዲያው ፊቷን ወደ ሐይቁ አዞረች፤ ጀልባው ርቆ እስኪጠፋም ወደ እኛ አልዞረችም።

አምስተኛ። ረዳቶችዎ በየበራችን ላይ በቀይ ቀለም የጻፏቸው የቤት ቁጥሮች አይለቁም። በነጭ ጋዝም፣ በአመድም፣ በአሸዋም ሞክረናል። ስለ ቀለሙ ጥራት እናመሰግናለን።

በእርግጥም ቀለሙን ያመሰገንኩት በከንቱ አይደለም። በሥራዎ መጨረሻ ባለው ሠንጠረዥ ላይ የሞተ ልጅ አለባቸው ያሏቸውን ቤቶች በእነዚሁ ቁጥሮች ዘርዝረዋቸዋል፤ ማንነታችሁ በምሥጢር ይጠበቃል ተብሎ ቃል የተገባላቸው እናቶች በር ላይ ቁጥሩ እስከ ዛሬ ተጽፎ አለ። እኔም ሠንጠረዡን ይዤ በሦስት ሳምንት ውስጥ ሁሉንም በሮች አንኳኳሁ። ለልጅ ልጆቻችን የሚተርፍ ቀለም ባይጠቀሙ ኖሮ ሙታኑን ማግኘት ይቸግረኝ ነበር።

ስንት ልጅ አላችሁ ብዬ አልጠየቅሁም። በዚህ ደሴት ያስተማረ ሰው ሁሉ እንደሚያደርገው ስም ጠየቅሁ። በኛ ዘንድ ቁጥር ነውር ነው፤ ስም ግን ነውር አይደለም። መጀመሪያ የገባሁት እማማ ዚልፓ ከምራቷ ጋር በምትኖርበት ግቢ ነበር።

«መምህር፣ ዛሬ ደግሞ አንተ ልትቆጥርብኝ ነው?» አለችኝ፣ ደብተሬን ስታይ።

«ኧረ አይደለም እማማ። ስም ልጠራ ነው።»

«ስምማ ጥራ። ስም የወጣው ሊጠራ አይደል? ማንን ልጥራልህ፣ ታላቁን ነው ታናሹን?»

እንዲህ እያልኩ ታላቁ ማን ነው፣ ማን ይከተላል፣ ከእርሱ በታችስ ብዬ ጻፍኩ፤ ልጆቹን አንድ በአንድ በዓይኔ አየሁ፤ ዋናው ምድር ላይ የሚማሩትን ደግሞ በስልክ ድምፃቸውን ሰማሁ። የተጻፈውንም ቤቴ ገብቼ፣ ከንፈሬን ሳላንቀሳቅስ ቆጠርኩት። ሠላሳ ዘጠኙ አሉ። አንዱ የትምህርት ቤታችን ኳስ ቡድን በረኛ ነው፤ ወሬው ስለተሰማ ጎል በገባበት ቁጥር ጓደኞቹ «አንተ ሙት፣ ተነሥና ኳሱን ያዝ እንጂ!» እያሉ ይጮኹበታል። ሌላዋ፣ በቤት ቁጥር ሰማንያ ስምንት ሞታለች ያሏት ቤሪል፣ ያን ዕለት ምሳ ሲቀርብ እጅዎን ያስታጠበችዎ ልጅ ናት። እጅዎን ዘርግተው «ተባረኪ» ብለዋታል። ለሞተ ሰው እንዲህ ያለ ትሕትና የሚያሳዩ ሊቅ ብዙ አይገኙም።

የሁለቱን ስም ደግሞ ሳልቀልድ እጽፈዋለሁ። ኢቫንስ፣ የሦስት ዓመት ልጅ፣ ከወደቡ አጠገብ ሐይቁ ወስዶታል። ሳብሪና፣ የሁለት ዓመት ከአራት ወር፣ በወባ ሞታለች፤ የሞተችው በጤና ጣቢያው መድኃኒት ባለቀበት ሳምንት ነበር። እናቶቻቸው አልደበቋቸውም። ስማቸውን የጠየቃቸው ሰው ስለሌለ ብቻ ነው ያልተናገሩት፤ እኔ ስጠይቃቸው ሁለቱም ስሙን ነግረውኝ፣ ወንበር አቅርበውልኝ፣ ረጅም ጊዜ ስለ ልጆቻቸው አጫወቱኝ። ከሁለቱ አንዱም በማዋለጃ ክፍሉ ምክንያት አልሞተም። እንግዲህ ከአርባ አንድ ሁለት አግኝተዋል። እኔ ለእንዲህ ያለው ወረቀት «ወላጅህን ይዘህ ና» ብዬ እጽፍበት ነበር።

ደብተሬን ይዤ በዋናው ምድር ወደሚገኘው የጤና ቢሮ ሄድኩ። ኃላፊው ሻይ ጋብዘውኝ፣ ገጾቹን ገልጠው ካዩ በኋላ እንዲህ አሉኝ፦ «መምህር፣ ይህ የፕሮፌሰሩ ወረቀት ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ጊዜ ተጠቅሷል። የእርስዎ ደብተር ስንት ጊዜ ተጠቅሷል?»

«አሁን እርስዎ ጠቀሱት፤ አንድ ይበሉ» አልኳቸው።

ሳቁ፤ መጥፎ ሰው አይደሉም። «የወረቀቱ ባለቤት አንድ መስመር ይጻፍልኝ፤ ተሳስቻለሁ ይበል። በማግስቱ ቁልፉን እሰጥዎታለሁ፣ ሲስተርንም እመልሳታለሁ። ያለዚያ በያዝነው ወር በሃያ ስምንተኛው ቀን ኮሚቴው ይሰበሰባል፣ ክፍሉም የዕቃ ማከማቻ ይሆናል። የታተመን ነገር በደብተር አላፈርስም» አሉኝ።

ይህ ለምን እንደሚያስቸኩለኝ ልንገርዎት። ወደ ዋናው ምድር የሚወስደው መንገድ ሐይቁ ጸጥ ባለ ቀን በሞተር ጀልባ ሁለት ሰዓት ተኩል ነው፤ ጸጥ ባላለ ቀን መንገድ የለም። ክፍሉ ከታሸገ ወዲህ ባሉት አሥራ አንድ ወራት ሦስት ሴቶች ጀልባ ላይ ወልደዋል። የአንዷ ልጅ ወደብ ሳንደርስ ሞተ፤ ጀልባው ውስጥ ስለነበርኩ ነው ሳንደርስ የምለው። ይህ ሕፃን በሠንጠረዥዎ ውስጥ የለም፤ ሊኖርም አይችልም፤ የሞተው ከሠንጠረዡ በኋላ፣ በሠንጠረዡ ምክንያት ነው። ዩኒቨርሲቲዎ ሥራዎ ያስከተለውን ተጽዕኖ በየዓመቱ እንዲዘረዝሩ ይጠይቅዎታል ሲሉ ሰምቻለሁ። ከሦስት መቶ አሥራ ሁለቱ ቀጥሎ ይህን ያስገቡልን። ስም አልወጣለትም ነበር።

አሁን ደግሞ የእማማ ዚልፓ የልጅ ልጅ ኮሌታ መንታ አርግዛለች፤ ሰባተኛ ወሯን ጨርሳለች። የመጀመሪያ ልጇን ስትወልድ ደም ፈሷት በሲስተር አፖንዲ እጅ ነው የተረፈችው፤ ስለዚህ ሐይቁ ላይ ምጥ ቢይዛት ምን እንደሚሆን እርሷም እኛም እናውቃለን። ትናንት ይህን ደብዳቤ ስጽፍ በአጥሩ በላይ አየችኝና «መምህር፣ ያንተ ደብዳቤ ቶሎ ካልደረሰ እኔ ቶሎ እደርሳለሁ» አለችኝ። እየሳቀች ነው ያለችው። እጇ ግን አጥሩን ጭብጥ አድርጎ ይዞ ነበር።

ስለዚህ የምለምንዎት ጥቂት ነው። አዲስ ጥናት አልጠይቅም፤ ይቅርታም አልጠይቅም፤ ወደ ደሴቲቱ ተመልሰው ትከሻዎን እንዲጎዱም አልሻም። ጊዜዎ ውድ መሆኑን ስለማውቅ መስመሩን እኔው አርቅቄዋለሁ፦ «በንያኬራ ማዋለጃ ክፍል ላይ የጻፍኩት መደምደሚያ ስሕተት ነው፤ ልጆቹ በሕይወት አሉ።» አሥራ አንድ ቃል ነው። ከሥሩ ይፈርሙበትና ለጤና ቢሮው ይላኩት። ሦስት መቶ አሥራ ሁለቱ ሊቃውንት እንደ ልማዳቸው ከእርስዎ ይገለብጡታል፤ በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜም ትክክለኛ መልስ ይገለብጣሉ።

ዕድሜዎን ያርዝምልኝ፣ ብዕርዎን ያቅናልኝ፣ ከመስክም በሰላም ይመልስዎት እያልኩ፣ እጅግ በላቀ አክብሮት፣ ከወንበሬ ተነሥቼ፣ ባርኔጣዬን አውልቄ የምሰናበትዎ፣

ባርናባስ ኦጎላ
ጡረተኛ የሒሳብ መምህር
የቤት ቁጥር አርባ ሦስት (በቀይ ቀለም)
ንያኬራ ደሴት

ማስታወሻ፦ ያን ዕለት ምሳ ላይ፣ ከረዳቶችዎ አንዷ «ፕሮፌሰር፣ ወደ ቤቶቹ ሳንሄድ እስቲ በእርስዎ እንለማመድ፤ ስንት ልጅ አለዎት?» ብላ ቅጹን መሙላት እንደጀመረች ያስታውሳሉ? እርስዎ ሳቅ ብለው፣ ዓይንዎን ወደ ሳህንዎ መልሰው «እ... ሦስት ብለሽ ጻፊ» አሏት። እማማ ዚልፓ ዓሣውን እያቀረበች ነበርና ወደ እኔ ጠጋ ብላ «ይኼ የማን ልጅ ነው? እናቱ በደንብ አሳድጋዋለች» አለችኝ። ያ ቅጽ ጠረጴዛዬ ላይ ተረስቶ ቀርቷል፤ አሁንም ከፊቴ ነው፤ ሦስት ይላል። በሥራዎ የምስጋና ገጽ ላይ ደግሞ በቤት ሆነው በትዕግሥት ለጠበቁዎት ልጆችዎ ለኩዊንተር፣ ለዳፍኔ፣ ለሮኒና ለትንሹ ኦዴራ ምስጋና አቅርበዋል። እኔ አልቆጥራቸውም፤ ስማቸውን ብቻ ነው የጠራሁት። ነገር ግን በእርስዎ ዘዴ ከሄድን አንዱ ሞቷል፣ አባቱም ደብቆታል። የትኛው እንደሆነ እንድናውቅና ሐዘን እንድንደርስ፣ ወይም ሁሉም ደኅና እንደሆኑና ስሕተቱ የዘዴው እንደሆነ እንድንረዳ፣ እባክዎ ከሃያ ስምንተኛው ቀን በፊት ቶሎ ይመልሱልኝ።